የአራተኛዋ ንግሥት ልብስ ሰፊ

ቀዛፊው ዘገየ።

ሜክትልድ የታጠፈ ልብስ ታቅፋ ቴምዝ ወንዝ ዳር ቆማለች። ፀሐይዋ አናት ትበሳለች። በሪችመንድ ቤተ መንግሥት የሚያውቋት የንግሥቲቱ ልብስ ሰፊ አድርገው ነው። ባሕር ማዶ ክሌቭ ላለው መስፍን፣ ለንግሥቲቱ ወንድም፣ ግን «መርፌ» የምትባል ሰላይ ናት።

በሐር እጅጌው ገበር ውስጥ ደብዳቤ ሰፍታለች። የጻፈችው የደንገጡሮቹ አለቃ ወይዘሮ ኦቲሊያ ናት። «ንጉሡ እህትዎን ሊፈታት ነው፤ ጦር ይላኩ» ይላል።

ሜክትልድ ስንቴ ለመነቻት! «እመቤቴ፣ በወረቀት አይሁን። በቃል ልላከው።»

«አንቺ ስፌትሽን ስፊ!»

የንጉሡ የፊተኞቹ ሦስት ሚስቶች ዕጣ ይታወቃል። አንደኛዋ ተባርራ ብቻዋን ሞተች። ሁለተኛዋ አንገቷን ተቀላች። ሦስተኛዋ በወሊድ አለፈች። ይህ ወረቀት ከተያዘ አራተኛዋ ለፍቺም አትበቃም።

ጀልባዋ ዳር ያዘች። ቀዛፊው ያስፐር ወረደ።

«ነጭ ክር ይገኛል?»

«ትናንት አለቀ።»

ምልክቱ ልክ ነው። ልብሱን ልትሰጠው እጇን ዘረጋች።

«ማኅተም አለበት?» አላት።

እጇ ባለበት ቀረ።

መልእክተኛ ይህን አይጠይቅም።

ከትከሻው በላይ አየች። ከዛፉ ሥር ሁለት የንጉሡ ዘበኞች።

«ሸጥከን፣ አንተ ውሻ?»

«ሚስቴን ይዘውብኛል፣ ሜክትልድ። ምን ላድርግ?»

ሮጠች።

የልብስ ማጠቢያውን ቤት በር በትከሻዋ በረገደችው። ገበሩን በጥርሷ ተረተረች። ወረቀቱን ከጋኑ ሥር እሳቱ ውስጥ ከተተችው።

ያዟት።

«ደብዳቤው የታለ?»

«የምን ደብዳቤ? ልብስ ሰረቅሁ። የሚሸጥልኝ ቀዛፊው ነበር። አሁን ራሱን ሊያድን ነው የሚቀባጥረው።»

ወይዘሮ ኦቲሊያ ፊት አቆሟት። ሴትየዋ የተተረተረውን ገበር አየች። ፊቷ አመድ መሰለ።

«ልብስ ሰፊ ነበረች» አለች ቀና ሳትል። «ሌባ መሆኗን አላወቅሁም።»

መባል የነበረበትም ይኸው ነበር። ሜክትልድ ግን ተናደደች። መጀመሪያውኑ ብትሰማኝስ!

ቀኝ ጆሮዋን ገበያ መሀል ቆረጡት። የያስፐርን ሚስት ለቀቋት። እሱን ግን በሌብነት ሰቀሉት።

በእሷ ቃል።

ወሬው እስር ቤት ድረስ መጣላት። ንግሥቲቱ ፍቺውን ያለ ክርክር ፈርማለች። «የንጉሡ እህት» ተብላ ቤተ መንግሥት ተሰጥቷታል። ጦር አልመጣም፤ አላስፈለገምም። ልብስ ሰፊዎቹ የአምስተኛዋን ሚስት የሰርግ ቀሚስ ጀምረዋል።

ሜክትልድ ግድግዳውን በቡጢ መታችው። ለዚህ ነው?

ነሐሴ መጨረሻ ላይ ተፈታች። ወደብ ላይ አንድ ጸሐፊ መዝገቡን ገለጠ።

«ስም?»

«ባርበል» አለች ሜክትልድ።

«ሥራ?»

«ልብስ አጣቢ።»

«እዚህ አገር ዘመድ አለሽ?»

አንዱ ተሰቅሏል፤ አንዷ ክዳታለች።

«የለኝም» አለች። ሻሿን ወደ ቀኝ ጎትታ ተሳፋሪዎቹ መሀል ገባች።