የራሴ ድምፅ አርባ ሰባተኛው ፎቅ ላይ

ይህን ያነበበ ሁሉ «ቀባጠረ» እንደሚለኝ አውቃለሁ። በሉ። ግን ሁለት ሰው ዓይኑ እያየ ሞቶበት የሚቀልድ ካለ አሳዩኝ።

ሆኗል። ሐሙስ ቀን፣ በጠራራ ፀሐይ፣ ስድስት ሰዓት ሊሆን አሥር ደቂቃ ሲቀረው።

የክሬን ኦፕሬተር ነኝ። ከሕንፃው አናት በላይ የሚቆመውን ረጅሙን ክሬን ነው የምነዳው። ቀኑን ሙሉ ከሰው ተለይቼ ጠባብ ክፍል ውስጥ ስለምውል ሠራተኞቹ «ሰማይ ቤት» ይሉኛል። «ሰማይ ቤት ምን አዲስ አለ?» ሲሉኝ «ሞልቷል፣ ሌላ ጊዜ ኑ» እላቸው ነበር። አሁን ቀልዱ አያስቀኝም።

ታች ሶሌታው ላይ፣ ገና በተሞላው የኮንክሪት ወለል ላይ ቆሞ በሬዲዮ የሚመራኝ ታናሽ ወንድሜ ነው። «አንሳ... ግራ... ቁም...» ይለኛል፤ እኔም እታዘዛለሁ።

አባታችን ሲሞት እኔ አሥራ ዘጠኝ፣ እሱ ስድስት ዓመቱ ነበር። እኔ ነኝ ያሳደግኩት። እኔ ያልኩትን ነገር ለምን ብሎ አያውቅም። ሥራውንም ያስገባሁት እኔው ነኝ። እናታችን «አደራህን፣ ከዓይንህ እንዳይጠፋ» ስትለኝ፣ «ከላይ ሆኜ ነው የማየው፣ የት ይጠፋብኛል?» አልኳት።

ያን ቀን አርባ ሰባተኛውን ፎቅ ጀመርን።

እስከዚያ ጠዋት ድረስ የአገሩ ረጅም ሕንፃ ከመንገዱ ማዶ ያለው ነበር። አርባ ስድስተኛው ላይ ሥራው ተቋርጦ፣ ሰው ሳይገባበት ስድስት ዓመት ቆሟል። ክሬኑም አናቱ ላይ እንደተተወ ነው። ያን ቀን በአንድ ሰው ቁመት በለጥነው።

ፎርማኑ በሬዲዮ ጮኸ፦

«ሰማይ ቤት! የጎረቤታችንን አናት አየንለት እኮ!»

«መላጣ ነው እንዴ?» አልኩት።

ከት ብሎ ሳቀ። ደግ ሰው ነበር፣ ነፍሱን ይማረው።

የቆመ ክሬን ፍሬኑ ይለቀቅና ክንዱ ነፋሱ ወደሚሄድበት ይዞራል። እኔ ነፋሱን የማውቀው በዚያ በማዶው ክሬን ነው። ያን ቀን ነፋሱ ከእኛ ወደ ማዶ ይነፍስ ነበር።

ክንዱ ግን... ወደ እኛ ዞሮ ቆሟል።

ዝጎ ይሆናል ብዬ አለፍኩት።

ትንሽ ቆይቼ ቀና ስል ቅድም ከነበረበት ፈቀቅ ብሏል። አሁን የሚያሳየው ወንድሜ የቆመበትን ቦታ ነው።

ሬዲዮው ተንኮሻኮሸ።

«ጋሼ...»

«ወዬ።»

«የሬዲዮውን ቁልፍ ተጭነህ ረሳኸው እንዴ? ትንፋሽህ ይሰማኛል።»

እጄን አየሁ። ሁለቱም መሪው ላይ ናቸው። ሬዲዮው ሚስማር ላይ ተንጠልጥሏል።

«እኔ አይደለሁም።»

«እሺ...» አለ። እንዳላመነኝ ያስታውቃል።

አንድ ቶን ተኩል ፌሮ ብረት አንስቼ ነበር። ጭነቱን ከሰዎቹ ርቆ ባዶው ጥግ ላይ አቆምኩት። ፀሐይዋ አናት ላይ ስለነበረች እነሱ ቀና ቢሉም ጭነቱ የት እንዳለ አያዩም።

ያኔ ነው ድምፁ የመጣው።

«ፎርማን! ፌሮው አናትህ ላይ ነው! ወደ ኋላ!»

የእኔ ድምፅ ነው። ስደነግጥ ድምፄ ውስጥ የምትሰበረው ነገር እንኳ አልቀረችም።

እኔ አፌን አልከፈትኩም።

በእኛ ሥራ ኦፕሬተሩ «ወደ ኋላ» ካለ መጠየቅ የለም። መጀመሪያ ትሸሻለህ፣ ከተረፍክ በኋላ ትሳደባለህ። ፎርማኑም እንደ ደንቡ ወደ ኋላ ዘለለ። አንዴ... ሁለቴ... ሦስተኛው ላይ ወለሉ አልቆ ነበር።

ሬዲዮውን እንደጨበጠ ነው የወደቀው። ጣቱ ቁልፉ ላይ ስለነበር ነፋሱ ሲያፏጭ ሰማሁ። «ኧረ... ኧረ...» ሲል ሰማሁ። ከዚያ ጧ! አለና ጸጥ አለ።



ድምፁ ግን ተመልሶ መጣ። አሁን ለስለስ ብሎ...

«የኔ ጌታ... ባንተም አናት ላይ ነው። ቀስ ብለህ ወደ ኋላ...»

«የኔ ጌታ» የምለው ቤት ውስጥ ብቻ ነው። እሱንም ሲያመው።

«እሺ ጋሼ» አለ ወንድሜ። አንድ እርምጃ ሄደ።

ሬዲዮውን ነጠቅኩ። «አትስማው! ቁም!»

ሁለት ሰው አንድ ላይ ከተናገረ ሬዲዮ ላይ ሹሹታ ብቻ ነው የሚሰማው። ጣቴን ሳነሳ ያ ድምፅ «ጎበዝ... ትንሽ ይቀርሃል...» ይለዋል። መስኮቱን ከፍቼ ጉሮሮዬ እስኪሰነጠቅ ጮህኩ። ነፋሱ ወሰደብኝ።

ተረከዙ ጫፉ ላይ ሊደርስ ሁለት እርምጃ ቀርቶታል።

ሌላ ምን ላድርግ? ክሬኑን ባለ በሌለ ኃይሉ አዞርኩት። ጭነት እንደዚያ አይዞርም፣ ክልክል ነው። ፌሮው እንደ ዥዋዥዌ ተወንጭፎ በውጭ በኩል ዞረና ወንድሜን ከኋላው ጉልበቱ ላይ መታው። እግሮቹ መታጠፍ በማይገባቸው በኩል ሲታጠፉ ከላይ ሆኜ አየሁ። ወደ ውስጥ ተወርውሮ ወደቀ። ተመስገን አልኩ።

ፌሮው ግን አልቆመም።

አንድ በያጅ ኮለኑ፣ ምሰሶው ሥር ጭምብሉን አድርጎ ይሠራ ነበር። አላየም፣ አልሰማም። የፌሮው ጫፍ ደረቱን በስቶ ከኮለኑ ጋር ሰፋው። ሰውየው እንደቆመ ቀረ። እጁ ላይ ያለው ብየዳ የራሱን ሱሪ እያቃጠለ እሳት ይረጫል... እሱ አይንቀሳቀስም።

ፎርማኑን ያ ድምፅ ገደለው። በያጁን ግን የገደልኩት እኔ ነኝ። ይህን በማንም ላይ አላላክክም።

መርማሪው ሠራተኞቹን ሁሉ ጠየቀ። ሁሉም «የእሱ ድምፅ ነው» አሉ።

«ድምፅህ አይደለም?» አለኝ።

«ነው» አልኩት። ምን ልበል?

የማዶውንም ሕንፃ አይተውታል። መግቢያው ሁሉ በብሎኬት ተደፍኗል። የፈረሰ ነገር የለም። በዋስ ለቀቁኝ።

ወንድሜ ሆስፒታል አራተኛ ፎቅ ተኛ። ሁለቱም እግሮቹ በጀሶ ታስረው በገመድ ተሰቀሉ። ገና ከበሩ «እንዴት አደርክ?» ስለው ትከሻውን አልጋው ላይ እየገፋ ወደ ኋላ መሸሽ ጀመረ። አቤት ያን ቀን ያለቀስኩት! ከዚያ ወዲህ አጠገቡ ቃል አልተነፈስኩም። የምፈልገውን በወረቀት እጽፋለሁ። እናታችን «ምላስህን ምን በላው?» ትለኛለች።

ይህንንም የምጽፈው አልጋው ሥር ተቀምጬ ነው። ግራ እጄ ከእሱ እጅ ጋር በፋሻ ታስሯል። ለምን እንዳሰርኩት ልንገራችሁ።

ዛሬ ዘጠኝ ሰዓት ላይ መድኃኒት ላመጣ ወረድኩ። ስመለስ አልጋው ባዶ ነው። እግሮቹን የያዙት ገመዶች ተፈተው ተንጠልጥለዋል።

መስኮቱ ተከፍቷል።

ወንድሜ የመስኮቱ ደፍ ላይ ተቀምጧል። ጀርባውን ሰጥቶኛል። በጀሶ የታሰሩት እግሮቹ ውጭ ናቸው።

ልጠራው አፌን ከፈትኩና መልሼ ዘጋሁት። በእኔ ድምፅ ከደነገጠ አለቀልኝ። ጫማዬን አውልቄ በእግር ጣቴ ተጠጋሁ...

ያወራል።

«እሺ... አይ፣ ብዙም አያመኝም... እሺ...»

ሸሚዙን በሁለት እጄ ጨበጥኩ።

ዞሮ አየኝ። ከሐሙስ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ አለ። ቀኝ እጁ ወደ ውጭ፣ ወደ ባዶው አየር ተዘርግቷል። ክንዱ ተወጥሯል፣ የእጁ ቆዳ ላይ የአራት ጣት ጉድጓድ ይታያል...

ግራ እጁን አንስቶ ጣቱን ከንፈሩ ላይ አደረገ።

«እሽሽ...» አለኝ። «ዝም በል። ጋሼ እያናገረኝ ነው።»