ለአራት ሰው የሚሆን ሥጋ

«ለስንት ሰው ነው?» አለ ባለልኳንዳው፣ ቢላውን በሽርጡ ጫፍ እየጠረገ።

ቀጮ በልቧ ቆጠረች። ጥያቄው ቀላል ነበር፦ እናቷ፣ አባቷ፣ ታናሽ እህቷና እሷ። ግን ላለፉት ወራት ቤት ውስጥ ሁሉም ነገር የሚታሰበው ለአምስት ስለነበር ምላሷ መጀመሪያ ወደ አምስት ሄደ።

«ለአራት» አለች። «የተፈጨ። ለሳንዱች ነው።»

«ጎሽ! ትንሽ ስብ ልቀላቅልበት፣ አለዚያ ይደርቅብሻል።» ሥጋውን ወደ መፍጫው አፍ እየገፋ ቀና ብሎ አያት። «ስሚ እንጂ፣ እናትሽ እንዴት ሆነች? ባለፈው ስትመጣ ሆዷ ገፍቶ ነበር እኮ። ተገላገለች?»

«አዎ።»

«እሰይ! ምን ወለደች?»

«ወንድ።»

«እሰይ፣ እሰይ!» ከተሰቀለው ሥጋ ላይ ሌላ ቁራጭ ቆረጠና ጨመረበት። «ይሄ ከኔ ነው፤ ለእናትየው። የምታጠባ ሴት መብላት አለባት። ሰላም ብሏል በያት።»

መፍጫው እየጮኸ ሥጋውን ሲተፋ ቀጮ ቆማ አየች። «ተው፣ አትጨምር» ማለት ነበረባት። ቢያንስ ማፈር ነበረባት። ምንም አልተሰማትም። ከሦስት ሳምንት ወዲህ እንዲህ ነበረች፤ ተኝተውበት እንደደነዘዘ ክንድ። የራስ እንደሆነ ይታወቃል እንጂ ቢቆነጥጡትም አይሰማም።

ፌስታሉን ይዛ ወጣች።

መጀመሪያ ላይ ውሸት አልነበረም። ሕፃኑ በእርግጥ ተወልዷል። ሁለት ቀን ኖሯል። በሦስተኛው ቀን ጠዋት አባቷ ከሆስፒታል ብቻውን መጣ፣ ጫማውን ሳያወልቅ ሶፋው ጫፍ ላይ ተቀመጠና «ልጁ አልቆየም» አለ። ከዚያ በላይ ምንም አልጨመረም። እሷና እህቷ ወንድማቸውን በዓይናቸው አላዩትም፤ የዚያን ቀን ከሰዓት በኋላ ነበር ሊወስዳቸው የታሰበው። በዚያው ከሰዓት አባቷ የሕፃኑን አልጋ ብሎን በብሎን ፈታትቶ ከቁም ሳጥኑ ጀርባ አስገባው። እናቷ በማግስቱ መጣች፤ መኝታ ቤት ገባችና ለመታጠብ ካልሆነ በቀር መውጣት ተወች። «እናታችሁ ፊት ይህን ነገር እንዳታነሱ» አለ አባቷ። እነሱም አላነሱም።

ትምህርት ቤት ደግሞ ሬዲዮ ነበረች። ሬዲዮ የቀጮ የልብ ጓደኛ ናት፤ ጠዋት ከተከፈተች እስከ ማታ ስለማትዘጋ ክፍሉ በሙሉ በዚህ ስም ነው የሚጠራት። ቀጮ ጥቂት ቀን ቀርታ ስትመለስ ሬዲዮ ገና ከበሩ ጮኸች፦ «ተወለደ? ተወለደ አይደል? ፊትሽ ላይ ያስታውቃል!» የክፍሉ ልጅ ሁሉ ዞሮ አያት።

«አዎ» አለች ቀጮ። የተጠየቀችው ተወለደ ወይ ነው፤ ተወልዷል። ልጆቹ አጨበጨቡ። ቀሪውን ለመናገር አንድ ትንፋሽ የምታህል ጊዜ ነበረቻት፤ አለፈች። ከዚያ በኋላ በየቀኑ ጥያቄ መጣ፣ በየቀኑም መልስ ሰጠች። መልሶቹ ሳታስብ ነበር የሚመጡላት። በምታወራባት ቅጽበት ብቻ ሕፃኑ የሆነ ቦታ ያለ ይመስላት ነበር።

ቤት ስትደርስ ጉንጬ ኩሽና ወንበር ላይ ቆማ ጠበቀቻት። ጉንጬ ስድስት ዓመቷ ነው፤ ከፊቷ ግማሹ ጉንጭ ነው።

«ሰነፍ እራት ነው አይደል?» አለች ፌስታሉን እያሸተተች።

ስሙን ያወጣችው እናታቸው ነበረች። መጋረጃ ስትሰፋ ውላ ትከሻዋ ሲዝል «ዛሬ ሰነፍ እራት ነው» ትልና ሳንዱች ትሠራለች። ከሦስት ሳምንት ወዲህ ግን ሁሉም በየፊናው፣ ደረቅ ዳቦና የተቀቀለ እንቁላል፣ ቆሞ ነው የሚበላው። ጉንጬ ትናንት «ሰነፍ እራት መቼ ነው?» ብላ ጠይቃ የመለሰላት አልነበረም። ቀጮ ነገ የሒሳብ ፈተና አለባት። ቢሆንም ደብተሯን ሳትከፍት ወደ ልኳንዳው ሄደች። ለምን እንደሆነ ራሷም አታውቅም።

ሽንኩርቱን ከተፈች። ጉንጬ አገጯን ጠረጴዛው ላይ አስደግፋ ፊቷን ታጠናለች።

«ለምን አታለቅሺም? እማ ሽንኩርት ስትከትፍ ታለቅስ ነበር።»

«እኔን አያስለቅሰኝም።»

«ምንም?»

«ምንም። ቲማቲሙን እጠቢ።»

ሽንኩርቱ ዘይት ውስጥ ቀላ ሲል ሥጋውን ጨመረችና በማንኪያ ፈረፈረችው። ለአፍታ አሪፍ ሆነ። ከዚያ መጥበሻው ውኃ ሞላ። ቀዩ ሥጋ አመድማ ሆኖ በራሱ ውኃ ውስጥ ይንሳፈፍ ጀመር።

«ተበላሸ» አለች ጉንጬ።

«አልተበላሸም።» ቀጮ መጥበሻውን በጨርቅ ይዛ ወደ ማጠቢያው አዘነበለችው፤ ሳትደፋው መልሳ አስቀመጠችው። እናቷ ይህን ስትደፋ አይታ ታውቃለች? አታስታውስም። እሳቱን ቀንሳ ወደ መኝታ ቤቱ በር ሄደች። አንኳኳች።

«እማ? ሥጋው ውኃ አወጣ። ልድፋው?»

ልትመለስ ስትል አልጋው ሲንቋቋ ሰማች። በሩ ጥቂት ተከፈተ። የእናቷ ፀጉር በአንድ በኩል ተጣብቋል።

«አትድፊው» አለች እናቷ፣ ድምፅዋ ጎርንኖ። «ጣዕሙ እሱ ነው። እሳቱን ጨምሪና ተይው፣ ራሱ ይመጠዋል። ቁንዶ በርበሬውን መጨረሻ ላይ ነው።»

ከሦስት ሳምንት ወዲህ ይህን ያህል ተናግራ አታውቅም። ወደ አልጋዋ ተመለሰች፤ በሩን ግን አልዘጋችውም።

ቀጮ እሳቱን ጨመረች። ውኃው ቀስ በቀስ አለቀ፣ ሥጋው መንጫጫት ጀመረ፣ ከታች በኩል ቡናማ ሆነ። ዳቦዎቹን መሃል ለመሃል ሰንጥቃ መጥበሻው ዳር ላይ ስታሞቃቸው ጣቷ ብረቱን ነካው። ትንሽ ቆይታ ነው ያወቀችው፤ ጉንጬ «እጅሽ!» ስትል።

አባቷ አንድ ሰዓት ሊሆን ሲል ገባ። የአውቶቡስ ሹፌር ነው፤ ቤት ሲገባ መጀመሪያ የሚያደርገው ወገቡን ይዞ ማቃሰት ነው። ዛሬ በሩ ላይ ቆሞ አየሩን ሳበ።

«ሽታው ከፌርማታው ነው የጠራኝ» አለ። ቀልድ ነበር። ማንም ስላልሳቀ እሱም ተወው። እጁን ታጥቦ ተቀመጠ። ጉንጬ አራት ሳህን ደረደረች፤ አራተኛውን ባዶው ወንበር ፊት ለፊት አድርጋ አባቷን አየችው። አላነሳውም።

ያን ጊዜ በሩ ተንኳኳ።

ቀጮ እጇን በሽርጧ ጠርጋ ከፈተች።

«ሰርፕራይዝ!» ሬዲዮ ናት፤ ደረጃውን ሮጣ ስለወጣች ታለከልካለች። «ቅዳሜ እመጣለሁ ብዬሽ ነበር፣ ግን ጨረስኩት፤ እስከ ቅዳሜ ማን ይጠብቃል? እስኪ እዪው!» ከቦርሳዋ ቢጫ ኮፍያ አወጣች፤ ብርቱካን የምታህል። «በኪሮሽ የሠራሁት ነው፣ ራሴ። ይሄ የድብ ጆሮ ነው። አንዱ ትንሽ ገኗል፣ እንዳትስቂብኝ፤ ሦስቴ ፈታሁት። የታለ ታዲያ ጌታው? ነቅቷል?»

ድምፅዋ ቤቱን ሞላው። ከቀጮ ጀርባ የሳህን ኮሽታ ቆመ።

«ተኝቷል» የሚለው ቃል ምላሷ ጫፍ ላይ ነበር። ያን ካለች ሬዲዮ «ወይኔ፣ ልቀሰቅሰው ነበር» ትልና ኮፍያውን ሰጥታ ትሄዳለች። ለቅዳሜ ሌላ ሰበብ አይጠፋም።

«ቀጮ» አለ አባቷ ከኋላዋ፣ ዝቅ ባለ ድምፅ፣ «ሌላ ቀን ትምጣ በያት።»

ቀጮ የሬዲዮን እጅ አየች። ኪሮሹ የወጋት ሁለት ጣቷ ላይ ፕላስተር አለ። አንደኛው ፕላስተር ጫፉ ተልጦ ቢጫ ክር ተጣብቆበታል።

«የለም» አለች።

«የት ሄደ?»

«የለም። ሞቷል። ሁለት ቀን ነው የኖረው። ‹ተወለደ?› ስትዪኝ ሞቶ ነበር። ዋሽቼሽ ነው።»

የቤት ሥራ መልስ እንደሚያነብ ሰው ነበር ያለችው። ሬዲዮ አፏን ከፈተች፤ ምንም አልወጣም። እንዲህ ስትሆን ቀጮ አይታት አታውቅም።

«ያ ሁሉ... ትናንት የነገርሽኝስ?»

«የፈጠርኩት ነው።»

«እኔ እኮ ለእናቴ ሁሉ ነግሬያታለሁ!» የሬዲዮ ፊት ቀላ፤ ልትቆጣ ነበር። ከዚያ ዓይኗ እጇ ላይ ወዳለው ኮፍያ ወረደ። ወደ ቦርሳዋ ልትመልሰው ሞከረች፤ ዚፑ እምቢ አላት። «በጣም ሼም ነው... እኔ ደግሞ ኮፍያ ይዤ እጮሃለሁ...»

«እስኪ አሳዪኝ።»

የቀጮ እናት ነበረች። በሌሊት ልብሷ ላይ ሹራብ ደርባ፣ በባዶ እግሯ ኮሪደሩ ላይ ቆማለች። አባቷ ከወንበሩ ብድግ አለ፤ ግን አልተጠጋም። ሬዲዮ ኮፍያውን በሁለት እጇ ዘረጋችላት። እናቷ ጭብጧ ላይ አጠለቀችውና በአምፖሉ አቅጣጫ አዞረችው። ውስጡን ገልብጣ ስፌቱን በአውራ ጣቷ ዳሰሰች፤ መጋረጃ ስትረከብ እንደምታደርገው።

«አንደኛው ጆሮ ገኗል» አለች።

«ሦስቴ ፈታሁት» አለች ሬዲዮ በሹክሹክታ።

«ስትጀምሪ የክሩን ቀለበት አልቆጠርሽም፤ ለዚያ ነው።» ኮፍያውን ከእጇ አላወለቀችም። «እኔ ጋ ቢቀመጥ ይከፋሻል?»

ሬዲዮ «አይከፋኝም» በሚል ራሷን ነቀነቀች። እንባዋ እየወረደ ነበር።

«ግቢ የኔ ልጅ፣ በር ላይ አትቁሚ። እራት ደርሷል።»

አምስት ሆነው ተቀመጡ። ሳንዱቹ ይፈርሳል፤ ጉንጬ ቲማቲም ስላበዛችበት በየክርናቸው ይንጠባጠባል።

«አባ» አለች ጉንጬ አፏ እንደሞላ፣ «አሁን ማውራት ይቻላል?»

አባቷ የያዘውን አስቀመጠ። ናፕኪኑን አጠፈው፣ እንደገና አጠፈው።

«ይቻላል» አለ በመጨረሻ። «እኔ ነኝ የተሳሳትኩት። ይቻላል።»

እናቷ ግማሹን በላች። «ጨው አንሶታል» አለችና ሌላውን ግማሽ አነሳች።

ሬዲዮ ስትሄድ ቀጮ እስከ ደረጃው ታች ሸኘቻት። ሬዲዮ የቦርሳዋን ማንገቻ እየጠመዘዘች ቆመች።

«ለክፍሉ ልጆች እኔ ልንገርልሽ? አንቺ ከምትነግሪያቸው ይሻላል እኮ።»

ቀጮ አሰበች። ሬዲዮ ብትነግራቸው በአምስት ደቂቃ ያልቃል፤ እሷ ስትገባ ሁሉም አውቆ ይጠብቃታል።

«አይ» አለች። «እኔ እነግራቸዋለሁ። ነገ ጠዋት፣ ከፈተናው በፊት።»

«አጠገብሽ ልቁም?»

«ቁሚ። ግን እንዳታወሪ።»

«እሞክራለሁ» አለች ሬዲዮ፤ ከልቧ ነበር።

ቀጮ ስትመለስ ጉንጬ ሳሎን ውስጥ አባቷ ጉልበት ላይ ተኝታለች። ኩሽና ውስጥ እናቷ ሳህኖቹን እየደራረበች ነበር። ቀጮ ቧንቧውን ከፍታ መጥበሻውን መፈተግ ጀመረች። ደብተሯ ክፍሏ ውስጥ እንደተዘጋ ነው፤ ከአሁን ጀምሮ ብታጠና ምናልባት ሁለት ምዕራፍ ትጨርሳለች።

«ምን ብለሽ ነበር የነገርሻቸው?» አለች እናቷ ድንገት።

«ማንን?»

«ጓደኞችሽን። ስለሱ።»

ቀጮ መጥበሻውን እያየች መለሰች። «ፀጉሩ ብዙ ነው ብያለሁ። ጣት ከያዘ አይለቅም ብያለሁ። ደግሞ... ሲያስነጥስ ራሱ ይደነግጣል ብያለሁ።»

እናቷ ሳህኑን ይዛ ቆመች። ቀጮ ቁጣ ጠበቀች፤ ቢመጣ ምንም እንደማይመስላት ታውቅ ነበር።

«ፀጉሩ እንኳ ብዙ አልነበረም» አለች እናቷ ቀስ ብላ። «ከኋላ በኩል ትንሽ ነው የነበረችው። ጣት አልያዘም፤ አቅም አልነበረውም።» ሳህኑን አስቀመጠች። «ግን አስነጥሷል። ሁለት ጊዜ። ከዚያ ዓይኑን እንዲህ አፍጥጦ አየኝ፤ ማነው ያስነጠሰው እንደሚል።»

የውኃው ድምፅ የመጨረሻዎቹን ቃላት ሊውጣቸው ነበር። ቀጮ ቧንቧውን ዘጋች። እጇን አደረቀች፣ ከጠረጴዛው ስር ሁለት ወንበር ስባ አንዱን ወደ እናቷ ገፋችላትና በሌላው ተቀመጠች።

«ሌላስ?» አለች።