የሟቹ አስር ከአስር

መልከጸዴቅ ረቡዕ ጠዋት ልክ አንድ ሰዓት ላይ ግምገማቸውን በድረ ገጹ አወጡ። ከሁለት ሰዓት ተኩል በኋላ አገሬ በምድር ቤታቸው ደረጃ ግርጌ ተንበርክካ መንጋጋቸውን በጓንት እጇ ስትሞክረው ግን እንደ እንጨት ደርቋል። ሰውዬው ከሞቱ ግማሽ ቀን አልፏቸዋል።

በኪሳቸው ያለው ስልክ ይንቀጠቀጣል። ዝም ይላል፤ ደግሞ ይንቀጠቀጣል።

«ማነው እንዲህ የሚፈልጋቸው?» አለ የከተማው ፖሊስ መርማሪ ሄንሪክሰን፣ ጎንበስ ብሎ።

አገሬ ስልኩን አውጥታ አነበበችለት። «አንባቢዎቻቸው ናቸው። ‹ጋሼ፣ ዛሬ ምን ነካዎት?› ይላል አንዱ። ሌላዋ ‹አስር ከአስር ሰጡ? ሊሞቱ ነው እንዴ!› ብላለች።»

ሄንሪክሰን አልሳቀም። አገሬም አልሳቀችም። በሥራዋ ብዙ ሙታን አይታለች፤ ከሞተ በኋላ ጽፎ መልስ የሚጎርፍለት ግን ይሄ የመጀመሪያዋ ነው።

በካውንቲው የአስከሬን ምርመራ ቢሮ ዘጠኝ ዓመት ሠርታለች። የሴንትራል ዲስትሪክት ሰፈር ሀበሻ «ሬሳ ጠያቂዋ» ይላታል። ሰርግ ላይ ከጎኗ መቀመጥ የሚደፍር የለም፤ ለቅሶ ቤት ግን አዛውንት ሳይቀር ተነስቶ ቦታ ይለቅላታል።

ደረጃውን ቀና ብላ አየች። የሟቹ ነጠላ ጫማ ከላይ፣ በሩ ሥር፣ አንዱ ተገልብጦ ቀርቷል። «ሲገኙ መብራቱ በርቶ ነበር?»

«ጠፍቶ። የምድር ቤቱም በር ተዘግቶ ነበር፤ ያገኛቸው ሰው እንደነገረን።»

«ሰው ወድቆ ሲያበቃ ተመልሶ መብራት አያጠፋም» አለች አገሬ።

ነገሩ ለማያውቅ እንዲህ ነው። «አግድም» የሚባል ድረ ገጽ አለ። በየቀኑ ከንጋቱ አስራ አንድ ሰዓት፣ በሀበሻ አቆጣጠር፣ አንድ የመስቀለኛ ቃላት እንቆቅልሽ ያወጣል። ፍንጮቹ ተንኮለኞች ናቸው፤ ላያቸው ሌላ፣ ውስጣቸው ሌላ። ከሊንውድ እስከ ኖርዝጌት ባለው ጣቢያ ሁሉ ባቡር የሚጠብቅ ሀበሻ ስልኩ ላይ አቀርቅሮ ካየህ ወይ ከሚስቱ እየተጣላ ነው፣ ወይ 7 አግድም አልወጣ ብሎታል። አንድ ሰዓት ሲሆን የመልከጸዴቅ ግምገማ ይከተላል። ጡረታ የወጡ የከተማ አውቶቡስ ሹፌር ናቸው። እያንዳንዱን ፍንጭ ይመዝናሉ፤ የትኛው መልስ ቀድሞ እንደገባላቸው፣ የትኛው መጨረሻ እንደገባ ይናገራሉ፤ ከዚያ ከአስር ነጥብ ይሰጣሉ። በአራት ዓመት ከሰባት በላይ ሰጥተው አያውቁም። ሰባቷም የወጣችው በፋሲካ ማግስት ነው።

ሬሳውን ያገኘው የድረ ገጹ ባለቤት ታምራት ነበር። በየእንቆቅልሹ ራስ ላይ «አዘጋጅ፦ ታምራት» ተብሎ የሚጻፈው እሱ ነው። ወጥ ቤት ውስጥ የውሃ ብርጭቆ በሁለት እጁ ጨብጦ ተቀምጧል፤ ሸሚዙ ተተኩሷል።

«ግምገማውን አንድ ሰዓት ላይ አነበብኩ ወይዘሮ አገሬ። አስር ከአስር! ሶ፣ ላመሰግናቸው ኮል አደረግኩ፤ አያነሱም። መጣሁ፤ የውጭው በር ክፍት ነው…» ድምፁ ተሰበረ። «ጠዋት በሕይወት ነበሩ ማለት ነው። አንድ ሰዓት ያህል ጠብቄ ባልዘገይ ኖሮ…»

«የግምገማውን ገጽ የሚከፍተው ማነው?»

«አንድ ሎግኢን ነው፣ አንድ የይለፍ ቃል። እሳቸው፣ እኔ፣ ፋርማሲ የምትሠራው ሳምራዊም አንዳንዴ ታግዘናለች። ግን ጋሼ ወረቀት ላይ ጽፈው ኮምፒውተሩ ላይ ለጥፈውታል፤ ቤቱ የገባ ሁሉ ያየዋል።»

«ቀድሞ ጽፎ፣ በኋላ ራሱ እንዲወጣ ሰዓት ሞልቶ መተው ይቻላል?»

«ይቻላል፤ ግን ጋሼ አያደርጉትም። እንቆቅልሹ ሳይወጣ ፊቱን ማየት አይፈልጉም። ‹ዳኛ ወጥ ቤት አይገባም› ይላሉ።» ብርጭቆውን አስቀመጠ። «ሐሜት አይሁንብኝ እንጂ… ትላንት ሳምራዊ እዚህ ነበረች።»

ፎቅ ላይ የሚከራዩት ኣብርሃ የስልሳ ዓመት ሰው ናቸው፤ ከኤርፖርት መንገደኛ ያመላልሳሉ። የገጹ አንደኛ ፈቺ እሳቸው ናቸው፤ ይህንንም ሳይጠየቁ ተናገሩ።

«ከሟቹ ጋር ይጣሉ ነበር ይባላል።»

«ይባላል? በየቀኑ እንጣላለን እንጂ! አንድ ቤት ውስጥ አፍ ለአፍ እንኳ አንሰዳደብም ሓፍተይ፤ እሱ ከታች ይጽፋል፣ እኔ ከላይ እመልሳለሁ። ጨዋ ሰው እንዲህ ነው የሚጣላ።» ዓይናቸው ቀላ። «ትላንት ከአስር ሰዓት ጀምሮ ሥራ ላይ ነኝ። መኪናው ይመሰክርልኛል፤ የት እንደቆምኩ ሁሉ ይመዘግባል።»

«የዛሬውን ፈቱ?»

«መንገድ ዳር ፓርክ አድርጌ። ስምንት ደቂቃ። ፍንጭ ጎድሎ ነው እንጂ ስድስት ይበቃኝ ነበር።»

አገሬ እስክሪብቶዋ ቆመ። «ጎድሎ?»

ስልካቸውን ዘረጉላት። ከንጋቱ አስራ አንድ ሰዓት ከአርባ ላይ የጻፉት አስተያየት ነው፤ «19 ቁልቁል ፍንጭ የለውም። ሕፃኑን ደጃፍ ላይ ጥለው ሄደዋል።» ሃያ ሁለት ሰው ስቆበታል።

አገሬ የሟቹን ግምገማ ከፍታ አነበበች። አንዴ አነበበችው፤ ደገመችው። ከዚያ ያለፈውን ወር ሙሉ አንድ በአንድ ገለጠች። የአንድ ሰው ድምፅ ከጆሮዋ ሥር ሲነጫነጭ ሰማች፤ «3 አግድም የሰነፍ ሥራ»፣ «8 ቁልቁል እንዲያውም ነውር ነው»። የዛሬው ግን ሳቂታ ነው። እንግዳ የሟቹን ኮት ደርቦ ቤቱ ውስጥ የሚንጎራደድ ይመስል ነበር።

ሳምራዊ ሳሎን ሶፋ ጫፍ ላይ ተቀምጣለች። ሠላሳ ስምንት ዓመቷ ነው፤ ፋርማሲ ትሠራለች፤ አዲስ አበባ ያደገች የኤርትራውያን ልጅ። ጃኬቷ የተገኘው በሟቹ ወንበር ላይ ነው፤ ጎረቤት መኪናዋን አይቷል። ሄንሪክሰን በሩ ላይ ቆሞ ሰዓቱን ያያል። ከሰዓት በኋላ ይዟት ሊሄድ ወስኗል፤ ምክንያቱም ጠዋት ሲጠይቃት ለምን እንደመጣች ዋሽታዋለች። የድረ ገጹ ኩባንያ ማን ገብቶ እንደጻፈ ለማሳወቅ ሳምንታት ይፈጅበታል።

«ልጄ ክሳነት ከትምህርት ቤት ዘጠኝ ሰዓት ትወጣለች» አለች ሳምራዊ። «የሚቀበላት የለም እትዬ አገሬ።»

«እንግዲያው ቶሎ እውነቱን ንገሪኝ። ምን ልታደርጊ መጣሽ?»

ሳምራዊ ወደ ወጥ ቤቱ በር አየችና ድምጿን ዝቅ አደረገች። «እንቆቅልሹን የማዘጋጀው እኔ ነኝ።»

«ሁሉንም?»

«አራት ዓመት ሙሉ። አዲስ መጥቼ ነበር። ታምራት ‹የማይታወቅ ስም ማንም አያነብም፣ በኔ ስም ይውጣ› አለኝ። እሺ አልኩ። ከዚያ… እሺ እንዳልኩ ቀረሁ። ማንም አያውቅም። ጋሼ ግን ደወሉልኝ፤ ‹ነይ› አሉኝ። ‹ሁለት ከአስር የሰጠሁ ቀን ቤተ ክርስቲያን አየኋችሁ። ታምራት ይስቃል፤ ያንቺ ዓይን አብጧል። የተሰደበ ሰው አውቃለሁ› አሉኝ።» አፏን በእጇ ከደነች። «‹ነገ ስምሽን እጽፈዋለሁ› አሉ። እኔ ለመንኳቸው፤ ታምራት ገጹን ይዘጋዋል አልኳቸው። ጮህኩባቸውም። ከቀኑ አስራ አንድ ተኩል ላይ ወጣሁ፤ ጃኬቴን እንኳ ረሳሁ።»

«‹ለታምራት ነግሬዋለሁ› ብለውሻል?»

«‹ማታ ጠርቼዋለሁ፤ ፊት ለፊት እነግረዋለሁ› ብለውኛል።»

አገሬ ማስታወሻዋ ላይ ጻፈችው። ይህ ቃል የሳምራዊ ብቻ ነው፤ ሄንሪክሰን ‹ለማምለጥ የፈጠረችው ነው› ይላል። «19 ቁልቁል ምን ሆኖ ነው?»

ሳምራዊ ያን ሰዓት እንኳ አፈረች። «መጥፎ ነበር። ‹ጥርስ አላት፣ አትነክስም› ብዬ ሰጥቼ ነበር። ማበጠሪያ። የሕፃን እንቆቅልሽ! ማታ እንቅልፍ ከለከለኝ። ሌላ ጽፌ፣ ፎቶ አንስቼ ላኩለት፤ ሁሌም በእጄ ጽፌ ነው የምልክለት።» ስልኳን አሳየቻት። ከምሽቱ ሦስት ሰዓት ከአርባ፣ የእጅ ጽሑፍ ፎቶ፤ «አሮጌው ያሳፍራል፣ በዚህ ቀይረው»። ከሁለት ደቂቃ በኋላ የታምራት መልስ፤ «ኦኬ፣ አውጥቼዋለሁ። አዲሱን ጠዋት እጽፋለሁ።»

አገሬ ስልኩን መለሰችላትና ወደ ሄንሪክሰን ሄደች። «ሁሉንም ሳሎን ሰብስብልኝ። ሦስት ወረቀትና ሦስት እርሳስ እፈልጋለሁ።»

«ወረቀት ለምን?»

«ላስፈትን ነው።»

ሦስቱም ጠረጴዛውን ከበው ተቀመጡ። የሟቹ ወንበር ባዶውን ነው፤ ማንም ወደዚያ አያይም። አገሬ ለእያንዳንዳቸው ባለፈው ወር ከወጡት እንቆቅልሾች አንዱን አትማ ሰጠቻቸው።

«ጀምሩ።»

«ኧረ ወይዘሮ አገሬ፣ ሬሳ ሳይነሳ?» አለ ታምራት።

«ለሬሳው ስንል ነው።»

ኣብርሃ ወረቀቱን እንደ ዶሮ ገርምመው አዩና በስተቀኝ ታችኛውን ጥግ ያዙ። ሳምራዊ የራሷን ሥራ አውቃ መሐል ላይ አንዱን ሞላችና እርሳሷን አስቀመጠች። ታምራት ከ1 አግድም ጀመረ። አልሆነም። ወደ 2 ሄደ። ከዚያ ወደ 3። ግንባሩ ላይ ላብ ችፍ አለ፤ ካሬዎቹ ግን እንደነጡ ናቸው።

«አቶ ታምራት፣ የእንቆቅልሹ ራስ ላይ የማን ስም ነው ያለው?»

«ደክሞኛል። ሰው ሞቶብኛል እኮ!»

«ይገባኛል» አለች አገሬ፤ ወደ ሁሉም ዞረችም። «የዛሬው ግምገማ 19 ቁልቁልን ያወድሳል። ‹ጥርስ አላት፣ አትነክስም፤ ድንቅ!› ይላል። አቶ ኣብርሃ፣ ይህንን ፍንጭ ዛሬ ገጹ ላይ አይተውታል?»

«የለም አልኩሽ! ባዶ ነበር።»

«ለማንም አልታየም። ከምሽቱ ሦስት ሰዓት ከአርባ ሁለት ላይ ከገጹ ወጥቷል፤ አዲሱ እስካሁን አልተተካም። እንግዲህ ግምገማውን የጻፈው ሰው ፍንጩን ያገኘው ከገጹ አይደለም፤ ከረቂቁ ነው። መልከጸዴቅ ደግሞ ረቂቅ አያዩም፤ አቶ ታምራት፣ አንተው ነህ የነገርከኝ። እሳቸው አልጻፉትም። አቶ ኣብርሃም አይደሉም፤ ረቂቁ በእጃቸው የለም፤ መኪናቸውም ኤርፖርት ነበር። ረቂቁን ያዩት ሁለት ሰዎች ናቸው።»

ሄንሪክሰን ወደ ሳምራዊ አየ። ሳምራዊ ሰዓቱን አየች። ዘጠኝ ሊሆን ሃያ ደቂቃ ቀርቶታል።

«እሷ ልትሆን ትችላለች» አለ ታምራት ፈጥኖ። «አስር ከአስር ለራሷ!»

«ለራሷ?» አለች አገሬ። «አዘጋጁ አንተ አይደለህም እንዴ?»

ከታች፣ ከምድር ቤቱ፣ ሬሳ የሚያነሱት ሰዎች ኮቴ ይሰማል። አገሬ ቀጠለች።

«ሳምራዊ ያን ፍንጭ አፍራበት ከአልጋዋ ተነስታ ቀይራዋለች። በሠራችው ያፈረች ሴት በአደባባይ ‹ድንቅ› ብላ አታትመውም። ቢያንስ አዲሱን ታወድስ ነበር። ሁለተኛ ነገር አለ። ግምገማው እንዲህ ይላል፤ መጀመሪያ የገባልኝ 1 አግድም፣ መጨረሻ የገባልኝ 19 ቁልቁል። የዝርዝሩ መጀመሪያና የዝርዝሩ መጨረሻ። አቶ ኣብርሃ፣ እንዲህ ይፈታል?»

ኣብርሃ ወረቀታቸውን አነሱ፤ ጥጉ ብቻ ሞልቷል። «በተራ? በተራ የሚሞላ የቀበሌ ፎርም ነው! ቀዳዳ ያገኘህበት ትገባለህ እንጂ።»

«የሟቹን ግምገማ የአንድ ወር አየሁ፤ አንድም ቀን በተራ አልገባላቸውም። በተራ ይገባል ብሎ የሚያስብ፣ በሕይወቱ አንድ እንቆቅልሽ ፈትቶ የማያውቅ ሰው ብቻ ነው።» የታምራትን ወረቀት በጣቷ ሳበችው። ንጹሕ ነው። «ትላንት ማታ ተጠርተህ መጣህ። ‹ነገ የሷን ስም እጽፋለሁ› አሉህ። ገፋሃቸው። መብራቱን አጥፍተህ በሩን ዘጋህ። እሳቸው ሊጽፉት የነበረው እንዳይወጣ በቦታው ሌላ ጻፍክ፤ ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ በሕይወት ያሉ እንዲመስሉም ሰዓት ሞላህለት። ሦስት ሰዓት ከአርባ ላይ መልእክቷ ሲመጣ አሮጌውን ፍንጭ ከገጹ አወጣህ። ከግምገማው ማውጣት ግን አልታሰበህም፤ ላንተ ፍንጭ ሁሉ አንድ ነው፤ ቦታ የሚሞላ ነገር።»

«ልገፋቸው አልነበረም» አለ ታምራት። አማርኛው ድንገት የልጅ ሆነ። «ሁሉም ሰው ‹ሊቁ› ይለኛል እኮ። እናቴ ትኩራራብኛለች። ‹ተወኝ ጋሼ› አልኳቸው። ትከሻዬን ያዙኝ፣ እኔ እጃቸውን… ከዚያ ታች ሆነው ጠሩኝ።»

«ጠሩህ?» አለች ሳምራዊ።

ታምራት ፊቱን በወረቀቱ ሸፈነ። «በስሜ። ሁለት ጊዜ። ሌሊቱን ሙሉ ሲጠሩኝ አደሩ። አሁንም…»

አገሬ ለሄንሪክሰን ተረጎመችለት። የመጨረሻዋን ግን ለመተርጎም ጊዜ ወሰደባት። ሄንሪክሰን ታምራትን ክንዱን ይዞ አስነሳው፤ በሩ ላይ ሲደርሱ ታምራት ቆሞ ወደ ምድር ቤቱ አዳመጠ፤ ከዚያ ወጡ።

«ልጅሽን ሂጂና አምጪ» አለቻት አገሬ።

ሳምራዊ ቁልፏን አነሳች፤ ግን አልተንቀሳቀሰችም። «የነገው ተዘጋጅቷል። ላውጣው?»

«በማን ስም?»

«በስሜ።» ቃሉን ቀምሳ እንደማታውቀው ምግብ አፏ ውስጥ አቆየችው።

«ጎበዝ! አውጪው» አሉ ኣብርሃ፤ እንባቸውን በመዳፋቸው እየጠረጉ። «አምስት ደቂቃ እፈታልሻለሁ፣ ታያለሽ። ስንት ሰው ያመሰግንሻል!»

ሳምራዊ ባዶውን ወንበር ለመጀመሪያ ጊዜ ቀጥ ብላ አየችው።

«ማመስገኑንስ ያመሰግኑኛል» አለች። «ከእንግዲህ ግን ማነው የሚሰድበኝ?»