የሙሽሪት አባት ጥርስ

ከሳጥኑ የወጣው ጥርስ ሳይሆን የሩዝ ቂጣ ነበር።

ሐኪሙ ሳጥኑን የከፈተው በሽተኛው አፋቸውን ከፍተው ወንበሩ ላይ ከተጋደሙ በኋላ ነው። ሰውየው በማግስቱ ልጃቸውን ይድራሉ። አዲሱ ሰው ሠራሽ ጥርሳቸው ሴኡል መሐል፣ ጆንግኖ ካለው ጥርስ ሠሪ ተነስቶ በምድር ባቡር ኢንቾን ይደርሳል ተብሎ ነበር። የደረሰው ግን በላስቲክ የተጠቀለለ ቂጣ ነው።

ያመጡት ፕዮ ጊልሶፕ የሚባሉ የሰባ አራት ዓመት ሽማግሌ ናቸው። ኮፍያቸውን በሁለት እጃቸው ጨብጠው በሩ ላይ ቆሙ።

«ከእጄ ሌላ እጅ አልነካውም» አሉ። «እንግዲህ ሌባው እኔ ነኝ ማለት ነው።»

የባቡር ፖሊሷ ማ ጆንጎክ ጉዳዩ ሲሰጣት አለቃዋ ሳቀ። እሷ አልሳቀችም። የሰው ጥርስ ሰርቆ ምን ይደረጋል? አይሸጥ፣ አይለወጥ። ከአንድ አፍ በቀር የሚገባበት የለም። የከነከናት ይኸው ነው።

ሽማግሌውን ይዛ ወደሚሠሩበት ቢሮ ሄደች። ቢሮው ጆንግኖ፣ ከአንድ ሕንፃ ምድር ቤት ነው። ለቢሮው ባለቤት ለወይዘሮ ዩክ ዕቃ የሚያመላልሱት ሽማግሌዎች ብቻ ናቸው። ስልሳ አምስት ዓመት የሞላው ሰው በከተማው ባቡር በነጻ ይሄዳላ! ከፋይ ካርዱን ሲያስነካ መግቢያው አንዴ ጢጥ ይላል፤ የሽማግሌ ካርድ ሲሆን ሁለቴ። ወይዘሮ ዩክ የሚኖሩት በዚያች በሁለተኛዋ ጢጥታ ነው።

«ጥርሱ እስከ ማምሻው ካልተገኘ ጋሽ ፕዮን አሰናብታለሁ» አሉ ለፖሊሷ፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «እወዳቸዋለሁ። ግን ሐኪሞቹ ከሸሹኝ እነዚህን ሁሉ ሽማግሌዎች ይዤ የት እገባለሁ?»

«ጠላት አላቸው?»

«ለእሳቸው? ኧረ የላቸውም። ግን ባን የሚባል በሞተር ዕቃ የሚያደርስ ሰው አለ። ሁላችንንም ነው የሚጠላን።»

ባን አርባውን ያለፈ ሰው ነው። ውጭ፣ ሞተሩ ላይ ተቀምጦ አገኘችው።

«ሽማግሌዎቹን ትሰድባለህ ይባላል።»

«እሰድባለሁ። እኔ ለነዳጅ እከፍላለሁ። እነሱ በነጻ እየተንሸራሸሩ ጉሮሮዬን ዘጉት።»

«ጥርሱን ወስደሃል?»

«ጥርስ ምን ያደርግልኛል፣ እትዬ? የራሴ አለኝ።» አፉን ከፍቶ አሳያት። «ደግሞ ሽማግሌው የሚቀመጡት የአረጋውያን ወንበር ላይ ነው። እኔ እዚያ ዝር ብል አሮጊቶቹ በጃንጥላ ነበር የሚነርቱኝ።»

ይህስ እውነት ነው። ባቡሩ ጢም ብሎ ቢሞላ እንኳ ፉርጎው ጥግ ያለው ያ ወንበር ባዶውን ይሄዳል እንጂ ጎልማሳ አይቀመጥበትም። ማ ባንን ትታ ተመለሰች። ከጋሽ ፕዮ አጠገብ የተቀመጠው ሰው ሽማግሌ መሆን ነበረበት።

«መንገድ ላይ ተኝተው ነበር?» አለቻቸው።

ጋሽ ፕዮ አንገታቸውን ደፉ። «ሸለብ አደረገኝ። ብቻዬን ብሆን አልተኛም ነበር። ጋሼ ታክ እስከ መንገዱ እኩሌታ አብረውኝ ነበሩ። ‹አንተ ተኛ፣ እኔ እይዝልሃለሁ› አሉኝ። መቼም እሳቸውን አልጠረጥር፤ ታላቃችን ናቸው።»

ታክ ሰባ ስድስት ዓመታቸው ነው ይባላል። ቢሮው ውስጥ ምሳ ሲቀርብ እሳቸው ማንኪያ ሳያነሱ የሚጀምር የለም።

«ተቀያይማችሁ ታውቃላችሁ?»

«በጭራሽ። የአንድ አገር ልጆች ነን። ለካ ታላቅ ወንድሜ ከእሳቸው ጋር አንድ ክፍል ነው የተማረው! በቅርቡ ነው የሰማሁት። እሁድ ይዤው መጥቼ ላገናኛቸው ነበር።»

«ምን አሉ?»

«ዝም አሉ። ደስ ብሏቸው ነው ብዬ ተውኩት።»

ምሳ ቀረበ፤ ሾርባና ኪምቺ የሚሉት በበርበሬ የኮመጠጠ ጎመን። ማ ከሽማግሌዎቹ ጋር ተቀመጠች። ጋሽ ፕዮ ምግቡን አልነኩትም። ነጩን የሩዝ ጠላ ግን በሁለት እጃቸው ለታክ ቀዱ፤ ለራሳቸውም ተቀዳላቸው። ከዚያ እንደ ደንቡ ከታላቃቸው ፊት ዞረው፣ ወደ በሩ እያዩ ጠጡ።

ታክም ጽዋቸውን አነሱ። ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረው፣ አፋቸውን በእጃቸው ሸፍነው ጠጡ።

የማ ማንኪያ አየር ላይ ቀረ። አባቷ ፊት እሷም ፊቷን አዙራ ነው የምትጠጣው። አባቷ ግን ለእሷ አይዞሩም። ሁለት ሰዎች ሁለቱም ታናሽ ሊሆኑ አይችሉም።

«ጋሽ ታክ» አለች፣ «ፊትዎን ያዞሩት ለማን ነው?»

ታክ ጽዋውን አስቀመጡ።

«ካርድዎ የማን ነው?»

«የታላቅ ወንድሜ።»

«እርስዎስ ስንት ዓመትዎ ነው?»

«ስልሳ ሦስት።»

ወይዘሮ ዩክ እጃቸውን አፋቸው ላይ ጫኑ።

ታክ ቀስ ብለው ተናገሩ። ፋብሪካው አሰናበታቸው። በዚያ ዕድሜ የሚቀጥር ጠፋ፤ እዚህ ደግሞ በነጻ ካልሄዱ ሥራ የለም። ወንድማቸው ከመጦሪያ ቤት አልጋ አይነሳም፤ ካርዱ መሳቢያ ውስጥ ተቀምጦ ነበር። «የጋሽ ፕዮ ወንድም እሁድ መጥቶ ፊቴን ቢያይ ‹ይሄ እሱ አይደለም› ይላል። ጋሽ ፕዮ ከእሁድ በፊት ከተባረሩ ግን መምጣቱ ይቀራል ብዬ አሰብኩ። የቀናኝ መስሎኝ ነበር። ሲቀዳልኝ ግን አፈርኩ። ፊቴ ሳላስበው ዞረ።»

«ጥርሱስ?»

«ሸለብ ሲያደርጋቸው በምሳ ቂጣዬ ለወጥኩት» ብለው ከቦርሳቸው ክዳን ያለው ኩባያ አወጡ። ጥርሱ ውሃ ውስጥ ተዘፍዝፏል።

«ከደረቀ ይጣመማል ሲሉ ሰምቻለሁ» አሉ። «መጣል አልቻልኩም። ሰውየው ነገ ልጁን ይድራል።»

ማ ካርዱን ተቀብላ ኪሷ ከተተች። ክሱ አይቀርም፤ ሥራውም እዚያው አበቃ። ወይዘሮ ዩክ ጥርሱን ራሳቸው አሽገው ለጋሽ ፕዮ ሰጡ፤ «ይቅር ይበሉኝ» እያሉ።

ሦስቱም አብረው ወደ ባቡሩ ወረዱ። ጋሽ ፕዮ ካርዳቸውን አስነኩ፤ ጢጥ ጢጥ። ታክ ከማሽኑ ቲኬት ገዝተው አስነኩ፤ አንዴ ብቻ ጮኸ። ጋሽ ፕዮ ያቺን ድምፅ ሲሰሙ ዞሩ። ዓይናቸው እንባ አቅርሯል።

«ሁለት ዓመት ሙሉ አጎነበስኩልህ» አሉ። አንተ ሲሏቸው የመጀመሪያቸው ነው።

ታክ በተራቸው አጎነበሱላቸው።

«እሁድ ወንድሜን ይዤ ወንድምህን ልንጠይቅ መጦሪያ ቤቱ እንመጣለን። እዚያ ጠብቀን።»

«እሺ፣ ጋሼ።»

«ቲኬትህን ቆርጠህ!»

ማ ታክን ይዛ በሌላው አቅጣጫ ሄደች። የኢንቾኑ ባቡር መጣ፤ የአረጋውያኑ ወንበር ባዶ ነበር። ጋሽ ፕዮ ሳጥኑን ደረታቸው ላይ አቅፈው እስከ ኢንቾን ቆመው ሄዱ።