ከቦሌ ደብረ ታቦር በሃያ ደቂቃ

ማመን አለማመን የእናንተ ነው። ይህ ግን በእኔ በባምላኩ ቤት፣ ደብረ ታቦር ላይ፣ በጠራራ ፀሐይ የሆነ ነገር ነው።

ባለፈው ጥቅምት፣ ከጠዋቱ አራት ሰዓት...

ባለቤቴ እየሩስ አምስት ዓመት ዱባይ ሠርታ የምትመለስበት ቀን ነበር።

አልዋሽም፣ ቀናተኛ ሰው ነኝ። ከባሕር ዳር ተቀብሎ የሚያመጣት ሙሉቀን ነው፤ የሚኒባስ ሹፌር፣ ከእኔ በፊት ለትዳር የጠየቃት። ስለዚህ መንገዷን በደቂቃ አስልቼዋለሁ። ከቦሌ ባሕር ዳር በአውሮፕላን አንድ ሰዓት። ከባሕር ዳር እኛ ቤት በመኪና ሁለት ሰዓት። ሰባት ሰዓት ካለፈ ጉድ ይፈላል!

ልክ በአራት ሰዓት ደወለች።

«ባምዬ፣ ቦሌ ነኝ፣ ልንሳፈር ነው።»

ሃያ ደቂቃ ሳይሞላ... በሩ ተንኳኳ።

ከፈትኩ።

እየሩስ ናት።

ሻንጣ የላትም። የለበሰችው ከአምስት ዓመት በፊት ስሸኛት የለበሰችውን አረንጓዴ ቀሚስ ነው።

ሌላ ሰው ቢሆን ይፈራ ነበር። እኔ ግን ደሜ ፈላ። ቦሌ ነኝ ያለችኝ ውሸቷን ነው፤ ትናንት ገብታ ባሕር ዳር አድራለች አልኩ። ከማን ጋር?

ቢሆንም የመንገደኛ እግር ሳይታጠብ አይቀመጥም። ንዴቴን ዋጥ አድርጌ ሙቅ ውኃ በሳፋ አቀረብኩ።

«ማን አመጣሽ?»

«ማንም።»

«ሙሉቀን ነው አይደል?»

«እሱ ማነው?»

እግሯን ያዝኩ። ውስጥ እግሯ እንደ አራስ ልጅ ለስላሳ ነው። መሬት ረግጦ የሚያውቅ አይመስልም...

ውኃው እጄ ላይ በረዶ ሆነ።

ስልኬ ጮኸ። በቪዲዮ የምትደውለው እየሩስ ናት።

«ባምዬ፣ በረራው ዘገየ፣ ገና ቦሌ...» ዓይኗ ከትከሻዬ በላይ ቀረ።

«ማን ናት?»

«እየሩስ... አንቺው ነሽ እኮ!»

«አትቀልድብኝ! እኔ የሰው ቤት ስጠርግ አርጅቼ፣ አንተ ልጅ እግር አስገብተህ እግር ታጥባለህ? መጣሁ! ሁለታችሁንም አገኛችኋለሁ!»

ዘጋችው።

ከኋላዬ ቀዝቃዛ ትንፋሽ ጆሮዬን ነካኝ።

«እንዳትከፍትላት...»

ስምንት ሰዓት ላይ በሩ ተደበደበ። እኔ ከመነሳቴ በፊት እሷ ወጣች። አንድ ጩኸት ብቻ ሰማሁ...

ስደርስ በሩ ላይ የቆመችው አንዲት ሴት ብቻ ናት። ሻንጣ ይዛለች።

«ደረስኩ» ብላ ሳቀች።

አቀፍኳት። ገላዋ ቀዝቃዛ ነበር።

ይኸው ዓመት ሊሞላን ነው። ከቤት አትወጣም። ሙሉቀንን ቀና ብላ አታየውም። እኔም ከዚህ ሌላ ተመኝቼ አላውቅም ነበር።

ግን በየቀኑ አራት ሰዓት ላይ ስልኬ ይጮኻል። ቁጥሩ የእየሩስ ነው። የእየሩስ ስልክ ግን ፊቴ ጠረጴዛው ላይ ተዘግቶ ተቀምጧል። ሳነሳው የአውሮፕላን ጉምጉምታ እሰማለሁ።

«ባምዬ... አሁንም እዚያ ናት? አንድ ሰዓት ብቻ ቀረኝ...»

ዛሬ ግን ከአጠገቧ ወንድ ሲስቅ ሰማሁ። ቅናቴ ፍርሃቴን በለጠው።

«ከማን ጋር ነሽ?» ብዬ ጮህኩ።

ሰውየው ስልኩን ተቀበላት። ጉሮሮውን ጠረገ።

«ባለቤቷ ነኝ» አለኝ...

በገዛ ድምፄ።