የአቶ ደምሴ ያልተነበበ ንግግር

አቶ ደምሴ ኦክላንድ ባለው የአማርኛ ትምህርት ቤት ቢሮ ውስጥ፣ ጠረጴዛው ላይ እንደተደፉ ሞተው ተገኙ። ትምህርት ቤቱ በስማቸው ሊሰየም አንድ ሰዓት ቀርቶት ነበር። አስም ነበረባቸው፤ ከእጃቸው የማይለየው ኢንሄለር ግን ከመደርደሪያው ላይ፣ ከመጻሕፍት ጀርባ ተገኘ።

«የሚታፈን ሰው መድኃኒቱን አይደብቅም» አለች መርማሪ ነሲባ።

በመጀመሪያ ከሳንታ ክላራ የመጣችውን ልጃቸውን ዲናን አነጋገረች።

«ኮል አድርጎልኝ ነበር። አይ ዋዝ አት ወርክ፤ ሥራ ላይ ሆኜ አላነሳሁም» አለች ዲና ፊቷን ሸፍና።

የኮሚቴው ሰብሳቢ ፋሲል የስም ሰሌዳውን ከሚልፒታስ ጭኖ የመጣ ነው። «አዳራሽ ወንበር ስደረድር ነበር። ስለ ፊደል ታሪክ ሊናገሩ ነበር፤ የበተንነው የጥሪ ወረቀትም እንደዚያ ይላል።»

አንጋፋዋ መምህርት ወይዘሮ የወርቅውሃ ደግሞ «ከኩሽና አልወጣሁም» አሉ። «እንደ ሐርቫርድ መሥራች ሊባል ሲል ቀን ጎደለበት።»

ነሲባ ቀና ብላ አየቻቸው። ከዚያ ቢሮ ገብታ ኮምፒውተሩንና ፕሪንተሩን መረመረች፤ ሦስቱንም አዳራሽ ሰበሰበች።

«አቶ ደምሴ ንግግራቸውን የቀየሩት ዛሬ ነው። ስድስት ሰዓት ላይ ጻፉት፤ ዘጠኝ ተኩል ላይ አተሙት። ርዕሱ ‹ሐርቫርድን ማን መሠረተው?› ይላል። ዲናም ፋሲልም ይህን አያውቁም። እትዬ የወርቅውሃ፣ እርስዎ ሐርቫርድን ከየት አመጡት?»

ሴትዮዋ ፊታቸውን ወደ ኩሽናው አዞሩ።

«ቢሮ ገብተው የመጀመሪያውን ገጽ አንብበዋል። ‹የጆን ሐርቫርድ ሐውልት ሥር መሥራች የሚል ተጽፏል› ይላል። አቶ ደምሴ ራሳቸውን ሊያወድሱ ነው ብለው ተናደዱ። ተጣላችሁ፤ ሲያፍናቸው ኢንሄለሩን አራቁባቸው።»

«ትምህርት ቤቱ ጋራዤ ውስጥ ነው የተጀመረው!» ብለው ጮኹ ወይዘሮ የወርቅውሃ። «በአሥራ አንድ ልጆች! እሱ በአራተኛው ዓመት መጣ፤ ስሙን ወሰደ።»

«ሁለተኛው ገጽ ፕሪንተሩ ውስጥ ቀርቶ ነበር» አለች ነሲባ፤ አነበበችውም።

«‹ሐርቫርድ ግን ኮሌጁን አልመሠረተም። እንደ ፈረንጆቹ በ1636 እንዲቋቋም የወሰነው የማሳቹሴትስ ቅኝ ግዛት ሸንጎ ነው። እሱ ሲሞት መጻሕፍቱንና ግማሽ ሀብቱን ተናዘዘለት፤ ኮሌጁም በስሙ ተጠራ። የእኔም ነገር እንደዚያው ነው። ይህን ትምህርት ቤት የመሠረተችው የወርቅውሃ ናት። የእሷን ስም ጻፉ። እስከ ዛሬ ዝም በማለቴ ይቅር ትበለኝ።›»

ፋሲል አንገቱን ደፋ። ወይዘሮ የወርቅውሃ ወንበር ይዘው ቀስ ብለው ተቀመጡ።

«ሊነግረኝ ሞክሮ ነበር» አሉ። «ትንፋሽ አጠረው። ‹የወርቄ› ብሎ እጁን ዘረጋልኝ።»

«ሰምተውት ነው የወጡት?» አለች ዲና።

«አዎ ልጄ። ሰምቼው ነው።»