ባቡሩ የሚመጣው ክፍል ሦስት ላይ ነው

ብዙዎቻችሁ በውስጥ መስመር ጠይቃችሁኛል። "የዚያ የድሮ ፊልም ተከታይ ክፍሎች ይታያሉ ወይስ ጊዜ ማቃጠል ነው?" ብላችሁ።

መልሴ ይኸው።

ፈጠራ የሚመስለው ሰው ቢኖር አልፈርድበትም። ሌላ ሰው ቢነግረኝ እኔም እስቅ ነበር። ግን ሆኗል። የሆነውም በጠራራ ፀሐይ ነው፤ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ፣ ጎረቤት ልብስ እያሰጣ፣ ልጆች ደጅ ላይ ኳስ እየለጉ... እኛው ሳሎን ውስጥ።

የፊልሙን ስም አልጽፍም። ፈልጋችሁ እንድታዩት አልፈልግም።

ላላያችሁት ግን ታሪኩ ቀላል ነው። ጥቁርና ነጭ ፊልም ነው። ባሏ ጦርነት የሄደባት ሴት ባቡር ጣቢያ እየተመላለሰች ትጠብቀዋለች። መጨረሻ ላይ የባቡር ጡሩምባ ከሩቅ ይሰማል። ሴትየዋ ከወንበሯ ትነሳለች...

አለቀ። ይምጣ አይምጣ አይታወቅም።

ባለቤቴ ለዚህ ፊልም ነፍሱን ይሰጣል። ሦስቱንም ክፍል በአንድ ካርቶን ገዝቶ ክፍል አንድን ደጋግሞ ያየዋል፤ የቀሩትን ሁለቱን ግን ፕላስቲካቸውን እንኳ አልቀደደም።

"ክፍል ሁለትን እንየው እንጂ" እለዋለሁ። "ሰውየው ይመለስ አይመለስ ማወቅ አትፈልግም?"

"አንቺ ሴትዮ፣ አለማወቁ እኮ ነው የሚጣፍጠው!" ይለኛል እየሳቀ።

አለማወቅ ይጣፍጣል...

ሥራው አሳንሰር መጠገን ነበር። አንድ ቀን ጠዋት የመሣሪያ ቦርሳውን አንጠልጥሎ እንደ ወትሮው ወጣ። የሄደበት ሕንፃ ጥበቃ ሲገባ አይቶታል።

ሲወጣ ግን ያየው የለም።

ጣሪያው ላይ ተፈለገ። ምድር ቤቱ ተፈለገ። አሳንሰሩ የሚወርድበት ጉድጓድ ታች ድረስ ተበረበረ። ምንም። እኔ ያልረገጥኩት ፖሊስ ጣቢያ፣ ያልገባሁበት ሆስፒታል የለም። ሬሳ ክፍል ሳይቀር ገብቼ የማላውቃቸውን ሰዎች ፊት እየገለጥኩ አይቻለሁ። እሱ ባለመሆኑ ደስ እያለኝ... ደግሞ እሱ ቢሆንና ቁርጤን ባወቅኩ እያልኩ።

እናቱ ከኛው ጋር ነው የሚኖሩት። እማማ ነው የምላቸው። አእምሯቸው ምላጭ ነው፤ እኔ የረሳሁትን ሁሉ የሚያስታውሱኝ እሳቸው ናቸው። ልጃቸው ከጠፋ ወዲህ በር በተንኳኳ ቁጥር በዚያ በሚያማቸው ጉልበት ከኔ ቀድመው ይነሳሉ።

አንድ ቀን ከምሳ በኋላ፣

"እስቲ ያቺን ፊልሙን ክፈቺልኝ" አሉኝ። "አጠገቤ የተቀመጠ ይመስለኛል።"

ክፍል አንድን አየን። ሁለታችንም ሳንነጋገር አለቀስን። ፊልሙ ሲያልቅ ቤቱ ጭር አለ። ያ ጭርታ አስፈራኝ መሰለኝ፣ ተነስቼ የክፍል ሁለትን ፕላስቲክ ቀደድኩት።

እውነቴን ነው፣ አሰልቺ ነው። ያ የሰማነው ባቡር ሳይቆም አልፎ ይሄዳል። ከዚያ ወዲያ ፊልሙ በሙሉ የጣቢያው መጠበቂያ አዳራሽ ውስጥ ነው። ሰዎች ተቀምጠዋል። ሴትየዋ ትንጎራደዳለች። በቃ።

ልዘጋው ስል እማማ እጄን ጨምድደው ያዙኝ።

"ያ ማነው?"

"የቱ?"

"ከኋላ... ግድግዳው ጋ።"

አየሁ።

አንድ ሰው ጥግ ላይ ተቀምጧል። ቱታ ለብሷል። ቦርሳ በጉልበቶቹ መሀል ይዟል። ቀኝ እግሩን ያርገፈግፋል፤ ባለቤቴ ወረፋ ሲጠብቅ እንደሚያደርገው።



"ሰው ሰውን ይመስላል፣ እማማ።"

ወደኔ ሳይዞሩ በሹክሹክታ መለሱልኝ።

"የወለድኩትን?"

ፊልሙ የተሠራው ባለቤቴ ሳይወለድ ነው።

በማግስቱ ሮጬ ጓደኛው ጋ ሄድኩ። ፊልም ይሸጣል፤ ሰፈሩ በሙሉ "ሲኒማው" ነው የሚለው። ያንን ካርቶን የሸጠለትም እሱ ነው። ክፍል ሁለትን ከራሱ ቅጂ እንዲከፍትልኝ ለመንኩት።

ያው አዳራሽ። ያችው ሴት። ያው ግድግዳ...

ወንበሩ ባዶ ነው።

"ማንን ነው የምትፈልጊው እህቴ?" አለኝ ፊቴን እያየ።

"ማንንም። ክፍል ሦስትስ? ይታያል?"

"ኧረ እሱስ ጭራሽ! ባቡሩ ይመጣል፣ የተቀመጡት ይሳፈራሉ፣ ያልቃል።"

"ወዴት ነው የሚሄዱት?"

"አይናገርም። ሰው የጠላውም ለዚሁ ነው።"

"ከባቡሩ የሚወርድስ?"



"የሚወርድ የለም።"

ቤት ስደርስ እማማ ቴሌቪዥኑ ፊት ነበሩ። ያንኑ ክፍል ሁለት ከፍተው። ባለቤቴ አለ። ያው ጥጉ ላይ።

ግን ጺሙ አድጓል።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ኑሯችን ያ ፊልም ሆነ። እኔ የጥርስ ክሊኒክ እንግዳ ተቀባይ ነኝ፤ ሥራ መሄድ ተውኩ። አለቃዬ ስትደውል ስልኩን ገልብጬ አስቀምጠዋለሁ። መጋረጃ ዘግተን ጎን ለጎን ተቀምጠን እናየዋለን። ሲያልቅ እንደገና።

ባየነው ቁጥር አንድ ነገር ተለውጧል።

ጉንጩ ጎደጎደ። ከንፈሩ ተሰነጣጠቀ። እግሩን ማርገፍገፍ ተወ።

ሌሎቹ ተሳፋሪዎች ደግሞ... መጀመሪያ አዳራሹ ውስጥ ተበታትነው ነበር የሚቀመጡት። አሁን ወንበራቸውን ወደሱ አስጠግተዋል። ሁሉም ወደ ሐዲዱ ዞረዋል። ወደኛ የዞረው እሱ ብቻ ነው።

በስሙ ጠራሁት። ስክሪኑን በመዳፌ መታሁት። ጆሮዬን መስታወቱ ላይ ለጥፌ አዳመጥኩ። የጣቢያው ንፋስ ብቻ ነው የሚሰማው።

አንድ ቀን ከኩሽና ስመለስ እማማ ስክሪኑ ፊት ተንበርክከው አገኘኋቸው። ዳቦ ቆርሰው አፉ ትክክል ይዘውለታል።

"ቅመስ ልጄ... ትንሽ ቅመስ..."

ከኋላቸው አቅፌ አነሳኋቸው። ላባ ሆነዋል፤ ለካ እሳቸውም ከጠፋ ጀምሮ በወጉ አልበሉም።

ያን ቀን ነው የተጣላነው። ሲኒማው ስለ ክፍል ሦስት ያለኝን ነግሬያቸው ነበር።

"ክፍል ሦስትን ክፈቺለት" አሉኝ።

"አይሆንም።"

"ባቡሩ ይምጣለት።"

"እማማ፣ ተሳፍሮ ከሄደስ? ወዴት እንደሚሄድ እኮ አይታወቅም!"

"እዚህ ተቀምጦ ሲደርቅ ልየው ታዲያ?"

"ቢያንስ አየዋለሁ!" ጮህኩ። "እዚህ እያለ ቢያንስ አየዋለሁ!"

ከዚያ ቀስ ብለው፣

"አንቺስ ታይዋለሽ" አሉኝ። "እሱስ ልጄ? እሱ ምን ያያል?"

ካርቶኑን አንስቼ ቁምሳጥን ላይ ወረወርኩትና ክፍሌን ዘግቼ ተኛሁ። ጨካኝ ልትሉኝ ትችላላችሁ። የጠፋባችሁ ሰው ካለ ግን ይገባችኋል። የመጨረሻውን ከማወቅ፣ መጨረሻው እንዳይመጣ በሩን ደግፎ መቆም ይሻላል... ይመስላል።

ቁርጡ የመጣው ከዚያ በኋላ አንድ ቀን ከሰዓት ነው።

ክፍል ሁለትን ከፈትን። ወንበሩ ባዶ ነው። እማማ ግን ወለሉን አሳዩኝ።

ወድቋል።

በጎኑ ተኝቷል። ተሳፋሪዎቹ በላዩ እየተረማመዱ ያልፋሉ። ዓይኖቹ ተከፍተዋል። እኔን ነው የሚያዩት።

አላመነታሁም። ወንበር ላይ ወጥቼ ካርቶኑን አወረድኩ። ፕላስቲኩን በጥርሴ ነው የቀደድኩት።

ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ነበር።

ክፍል ሦስት ያለ ሙዚቃ ይጀምራል። ያው አዳራሽ... ያው ወለል። እሱም ያው እንደተኛ።

ጡሩምባው ተሰማ።

ባለቤቴ ቀና አለ። በክርኑ ተደገፈ። ተነሳ። እማማ አብረውት ከሶፋው ተነሱ።

ባቡሩ ቆመ። በሮቹ ተከፈቱ። ማንም አልወረደም። ተሳፋሪዎቹ ሳይገፋፉ፣ ሳይነጋገሩ፣ አንድ በአንድ ገቡ። አዳራሹ ባዶ ሆነ። እሱ ብቻ ቀረ። እየተንገዳገደ ሄዶ አንድ እግሩን ደረጃው ላይ አደረገና...

ዞረ።

ቅንድቡን ከፍ አደረገ። "ልሂድ?" ሲል እንዲህ ነው የሚያደርገው። ጠዋት ጠዋት በሩ ላይ ቆሞ እንዲህ ነበር የሚያየኝ።

"ሂድ ልጄ" አሉ እማማ፣ ድምፃቸው ሳይንቀጠቀጥ። "ሂድ፣ እረፍ።"

እኔ ግን አልቻልኩም። እግዜር ያያል፣ አልቻልኩም።

"ብቻህን አትሂድ!" አልኩት። "ይዘኸኝ ሂድ! በናትህ ይዘኸኝ ሂድ!"

ሰማኝ።

ፈገግ አለ። ከስንት ወር በኋላ ፈገግ አለ። እጁን ወደ ስክሪኑ ጠርዝ ዘረጋ።

ከጠርዙ የሴት እጅ ወጣና ያዘው።

እጁን የያዘችው ሴት ገባች። ጀርባዋን ነው የሰጠችን። የለበሰችው ቀሚስ እኔ የለበስኩት ነው። ጸጉሯ እኔ ጠዋት እንደጠቀለልኩት ተጠቅልሏል። ደግፋ አሳፈረችው። በሩ ተዘጋ።

ባቡሩ መንቀሳቀስ ጀመረ። መስኮቶቹ ፊታችን አለፉ። አንዱ ጋ ባለቤቴ ራሱን ትከሻዋ ላይ ጥሎ እንቅልፍ ወስዶታል። እሷ ወደኔ ዞረች።

ራሴን ነው ያየሁት።

መንገድ ላይ የማታውቁትን ሰው እንዴት ነው የምታዩት? እንዲያ አየችኝና ፊቷን መለሰች።

ስክሪኑ ጠቆረ።

እማማ ቁጭ ብለው ረጅም ትንፋሽ ተነፈሱ። እንባቸውን በሻርፓቸው ጫፍ ጠረጉ።

"እፎይ" አሉ። "ብቻውን አልሄደም።"

ከዚያ ወደኔ ዞሩ። ፊታቸው ቀስ በቀስ ተለወጠ። ፈራ አሉ። ሻርፓቸውን አስተካከሉ፤ እስከ ሶፋው ጫፍ ድረስ ራቅ አሉና በትሕትና፣

"ይቅርታ የኔ እመቤት..." አሉኝ። "እርስዎ ማን ነዎት?"

እርስዎ።

እማማ አንድም ቀን አንቱ ብለውኝ አያውቁም።

ሐዘን ነው፣ ድንጋጤ ነው አልኩ። የሠርጋችንን ፎቶ ከግድግዳ አውርጄ ሰጠኋቸው። ፎቶውን አዩ። እኔን አዩ።

"አዎ፣ ምራቴ ናት" አሉ ፊታቸው እየበራ። "ያውቋታል?"

ሲኒማው ጋ ደወልኩ። ቢቸግረኝ።

"አቤት፣ ማን ልበል?" አለኝ። ስሜን ነገርኩት። የማን ሚስት እንደሆንኩ ነገርኩት። ሳቀ።

"ተሳስተዋል እመቤት። እሱና ሚስቱ እኮ አሁን በደጄ አለፉ። ሰላም ብለውኝ ነው ያለፉት።"

አሁን ይህን የምጽፍላችሁ ከዚያው ሳሎን ነው። ወዴት እንደምሄድ አላውቅም፤ ቤቴ ይሄ ነው። እማማ ደግ ሴት ናቸው፣ ይውጡ አላሉኝም። ለእንግዳ ብቻ በሚያወጡት ብርጭቆ ሻይ አቅርበውልኛል።

"ልጆቼ እስኪመጡ አረፍ ይበሉ" ይሉኛል። "አይቆዩም።"

ስለዚህ የጠየቃችሁኝ... አይታይም። ክፍል አንድ ላይ አቁሙ። እባካችሁ።

ደረጃው ላይ የእግር ኮቴ ይሰማኛል። የሁለት ሰው ነው። ሴትየዋ አንድ ነገር ተናግራ ሳቀች... ሳቋን አውቀዋለሁ። በሠርጌ ቪዲዮ ላይ ስንት ጊዜ ሰምቼዋለሁ።

እማማ ተነስተዋል።

በሩ ላይ ቁልፍ እየዞረ ነው።

በበሩ ሥር ብርሃን ገብቷል። እንደዚያ ፊልም ቀለም የለውም። ምንጣፋችን ቀይ ነው፤ ብርሃኑ የነካው ግን አመድ እየመሰለ ነው... ቀስ እያለ... ወደ እግሬ...